«ያገባሻል ወይ?» ከሚለው በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ

ባለፈው ክረምት አንዲት የማውቃት ልጅ ደወለችልኝ። ጅማ መርካቶ አጠገብ ልብስ ትሰፋለች። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ስልኩን እንዳነሳሁ ከጀርባዋ የስፌት መኪናው ድምፅ ይሰማኛል፤ እያወራችኝም ሥራዋን አላቋረጠችም። «ሽማግሌ ልላክበት ወይስ ይቅር?» አለችኝ።

ለአምስት ወር ያህል ቤተሰቡ በሙሉ ሲያወራ የከረመው ይህንኑ ነው። አጎቷ «ያገባታል ወይ?» ይላል። ያከራየቻት ሴትዮ «ልጄ፣ ካላገባሽ ምን ልትሆኚ ነው?» ትላታለች። ሰውየው ደግሞ አንድ ቀን አዎ፣ አንድ ቀን ቆይ እያለ ቀኑን ይገፋል። «ልጁ የኔ ነው ብለህ ትፈርማለህ ወይ?» ብሎ የጠየቀው ሰው ግን የለም። እሷም አልጠየቀችውም። ትዳሩ ከሆነ ሌላው በራሱ ይመጣል ብላ ነው።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚህ ነው። በኛ አገር ትዳርና አባትነት አንድ ላይ ተቋጥረዋል። ትዳሩ ሳይሆን ሲቀር አባትነቱም አብሮ ይቀራል። ህጉ ግን ሁለቱን ለይቷቸዋል። አንድ ሰው ባል ሳይሆን አባት መሆን ይችላል፤ አልፈልግም ቢልም እንኳ አባት ተብሎ ሊፈረድበት ይችላል። አባትነትን መጠየቅ «አግባኝ» ማለት አይደለም። ልመናም አይደለም።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። በ1952 በወጣው የፍትሐ ብሔር ህግ ፍርድ ቤት አንድን ሰው አባት ነህ ሊል የሚችለው እናትየዋ ተጠልፋ ወይም ተደፍራ ከሆነ ብቻ ነበር። ከዚያ ውጭ ያለ ጋብቻ፣ ወላጆቹም እንደ ባልና ሚስት አብረው ሳይኖሩ የተወለደና አባቱ ያልተቀበለው ልጅ የህግ ዝምድና የሚኖረው ከእናቱ ጋር ብቻ ነበር። አባትየው ጎረቤት ቢሆን፣ መልኩ ቁርጥ እሱን ቢሆን ለህጉ ለውጥ የለውም። «ዲቃላ» የሚለው ክፉ ቃል እንዲያ ሥር የሰደደው ህጉም ስላገዘው ይመስለኛል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ይህን ቀየረው። አንቀጽ 36 እያንዳንዱ ልጅ ወላጆቹን የማወቅና የእነሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት አለው ይላል። ያው አንቀጽ ያለ ጋብቻ የተወለዱ ልጆች በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት እንዳላቸውም በግልጽ አስቀምጧል። በ1992 የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ህግ (አዋጅ ቁጥር 213) አባትነት በፍርድ የሚታወቅባቸውን መንገዶች አሰፋ። ኦሮሚያም በ1995 የራሱን የቤተሰብ ህግ በአዋጅ ቁጥር 69 አወጣ። ጅማ ላይ የሚሠራው ይኸኛው ነው። በአባትነት ጉዳይ የፌዴራሉን መንገድ በብዛት የተከተለ ስለሆነ ከታች የምጠቅሰው የቤተሰብ ህግ አንቀጽ የፌዴራሉ መሆኑን ያዙልኝ፤ የክልሉ የአንቀጽ ቁጥር ይለያያል።

መጀመሪያ መታየት ያለበት አብሮ የመኖር ነገር ነው። ሳትጋቡ እንደ ባልና ሚስት አንድ ቤት ኖራችሁ ከሆነ፣ ጎረቤትም ቤተሰብም እንደዚያ የሚያውቃችሁ ከሆነ፣ በዚያ ጊዜ የተፀነሰው ወይም የተወለደው ልጅ አባት አብሮሽ የኖረው ሰው ነው ተብሎ ይወሰዳል። ብዙ ሴቶች ይህን ከንብረት ጋር ያምታቱታል። አብሮ በመኖር ንብረት የጋራ የሚሆነው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ለአባትነት ግን ሦስት ዓመት መቁጠር አያስፈልግም። ቦሳ ቂጦ ተከራይታችሁ ስድስት ወር የኖራችሁበት ቤት ለዚህ ይበቃል፤ አከራዩ መጥቶ ቃሉን ከሰጠ።

አብሮ መኖር ከሌለ ቀላሉ መንገድ ልጁን መቀበል ነው። አባትየው «የኔ ነው» ብሎ በህግ ፊት ያስታውቃል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሴቶች የማያውቁት ነገር ያለው፦ ልጁ እስኪወለድ መጠበቅ ግዴታ አይደለም። የተፀነሰ ልጅንም መቀበል ይቻላል። የፍትሐ ብሔር ህጉም የተፀነሰ ልጅ ጥቅሙ ሲጠይቅ እንደተወለደ ይቆጠራል ይላል፤ በሕይወት ተወልዶ ለመኖር የሚችል እስከሆነ ድረስ። ከወሊድ በኋላ 48 ሰዓት ከቆየ ለመኖር የሚችል ተብሎ ይታሰባል።

ታዲያ አቀባበሉ የራሱ ፎርም አለው። በክብር መዝገብ ሹም (ልደትና ጋብቻ በሚመዘግበው ባለሥልጣን) ፊት ይሆናል፣ ወይም በኑዛዜ፣ ወይም ሥልጣን ባለው አካል በተረጋገጠ ጽሑፍ። በሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት፣ ሦስት ምስክር ቢኖርበትም፣ በራሱ ይህን ፎርም አያሟላም። ግን እንዳትጥይው! ኋላ ፍርድ ቤት ስትሄጂ የጽሑፍ ማስረጃ ይሆንሻል። ሽማግሌዎቹ ጥሩ ሰዎች ከሆኑ ደግሞ ነገሩን እዚያው አይጨርሱት። ሰውየውን ይዘውት ቀበሌ ድረስ ይሂዱ። ለሽምግልና ከዚህ የተሻለ ሥራ አላውቅም።

ሁለት ነገር ልጨምር። እናት ትክክል ነው ብላ ካልተቀበለችው የአባትየው ቃል አይጸናም። ስለዚህ የማታምኚው ሰው ተነስቶ «የኔ ልጅ ነው» ብሎ ሊወስድብሽ አይችልም። ሌላው፣ አንዴ የተቀበለ ሰው ሐሳቤን ቀየርኩ ብሎ መመለስ አይችልም። በእርግዝና ጊዜ ማስፈረም ጥሩ ነው የምለው ለዚህ ነው። ወንዱ በዚያ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ገና ከተማው ውስጥ ነው፤ ስልኩ ይሠራል፤ ልቡም አልደነደነም። ቡና ለቀማው ሲያልቅ፣ ወይም ዩኒቨርሲቲውን ጨርሶ ሲሄድ፣ ወይም መኪናውን ይዞ ሌላ መስመር ሲገባ ፍለጋው ሌላ ሥራ ይሆናል።

እምቢ ካለስ? ያኔ ፍርድ ቤት ነው። የፌዴራሉ ህግ አንቀጽ 143 አምስት ሁኔታዎችን ይዘረዝራል። እናት በተፀነሰበት ጊዜ ተጠልፋ ወይም ተደፍራ ከሆነ አንዱ ነው። በተንኮል፣ በሥልጣን በመጠቀም ወይም «አገባሻለሁ» በሚል ቃል ተታልላ ከሆነ ሌላው ነው። አባትነቱን በማያሻማ ሁኔታ የሚያሳይ ደብዳቤ ወይም ሌላ ጽሑፍ ካለ ይሠራል። በእርግዝናው ጊዜ ሳይጋቡ የዘለቀ ግንኙነት እንደነበራቸው ከተረጋገጠም ይሠራል። በመጨረሻም፣ ሰውየው እንደ አባት ሆኖ በልጁ እንክብካቤና አስተዳደግ ተካፍሎ ከሆነ።

«አገባሻለሁ» የሚለው እዚህ ዝርዝር ውስጥ መኖሩ ሁሌ ይገርመኛል። ያቺ ስንት ሴት ያታለለች ቃል በህግ ዋጋ አላት። ትዳር አታስገኝም። አባት ግን ታስገኛለች።

ከአምስቱ ውስጥ አንዱ መኖሩን ማስረዳት ግን የጠያቂዋ ሸክም ነው። የስፌቷ ልጅ የተጎዳችው እዚህ ላይ ነው። ስምንት ወር ሙሉ በቴሌግራም ሲጻጻፉ ከርመዋል። «ልጃችን» የሚል ቃል በየቀኑ ነበር። አንድ ማታ ተናደደችና ሁሉንም አጠፋችው። «ማየት አልቻልኩም» አለችኝ። አልፈረድኩባትም። እኔም ብሆን አጠፋው ይሆናል።

ግን አንድ ነገር ተርፎላታል። ሰውየው ሁለት ጊዜ በባንክ ሞባይል ብር ልኮላታል። ብር ሲላክ ምክንያት የሚጻፍባት ትንሽ ቦታ አለች አይደል? ሁለተኛውን ሲልክ እዚያች ላይ «ለልጄ» ብሎ ጽፏል። ሦስት ፊደል ናት። ባንክ ሄዳ በማህተም እንድታስወጣው ነገርኳት። ስልክ ይሰበራል፣ ይሰረቃል፤ የባንክ መዝገብ ግን እዚያው አለ። በ2012 የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ (ቁጥር 1205) ደግሞ መልእክት ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ዋጋ የለውም እንዳይባል ከልክሏል። ስለዚህ መልእክት አታጥፊ። ፎቶ አንሺው፤ አትሚው፤ ለምታምኛት እህት ወይም ጓደኛ ቅጂ ስጫት። ቁጥሩና ቀኑ መታየቱን አረጋግጪ።

የእርግዝና ክትትል ካርድሽንም ያዢ። ለጤናሽ ብቻ አይደለም። ህጉ የእርግዝናን ጊዜ የሚለካው በቀን ነው፤ ትንሹ 180፣ ትልቁ 300 ቀን። ካርዱ ላይ የተጻፈው የወር አበባ መጨረሻ ቀንና የአልትራሳውንድ ውጤት የተፀነሰበትን ጊዜ ያሳያል። ያ ጊዜ ከሰውየው ጋር ከነበራችሁበት ጊዜ ጋር ሲገጥም ክሱ እግር ያገኛል። ክትትሉ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ነፃ ስለሆነ «ብር የለኝም» ብለሽ የምትቀሪበት ምክንያት የለም። ባል ይዘሽ ነይ የሚልሽ ሰው ካጋጠመሽም ህግ አይደለም፤ አትመለሺ።

ስለ ዲኤንኤ ሁሉም ይጠይቀኛል። ፍርድ ቤት ምርመራው እንዲደረግ ማዘዝ ይችላል፤ ክርክሩንም ብዙ ጊዜ ያሳጥረዋል። ግን ወጪና ጊዜ አለው። ሌላ ማስረጃ ሳትሰበስቢ እሱን ብቻ ተማምነሽ አትቀመጪ። ክሱ ላይ ምርመራውን ጠይቂ፤ ወጪውን ማን እንደሚሸፍንም ፍርድ ቤቱ እንዲወስን አብረሽ ጠይቂ።

አሁን የት እንደሚኬድ። ጉዳዩ የሚጀምረው ከወረዳ ፍርድ ቤት ነው። ክልሉ ኦሮሚያ ስለሆነ የፍርድ ቤቱ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። ጅማ ተወልደን ያደግን አማርኛ ተናጋሪዎች ገበያ ላይ አፋን ኦሮሞ እናወራለን፤ የክስ ማመልከቻ መጻፍ ግን ሌላ ነገር ነው። አስተርጓሚ መጠየቅ መብትሽ ነው። ማመልከቻውን የሚጽፍልሽ ሰው የጻፈውን በአማርኛ መልሶ እንዲያነብልሽ አድርጊ። የማትረጂው ወረቀት ላይ አትፈርሚ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ለአቅመ ደካሞች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ቢሮም በር አንኳኪ። የዳኝነት መክፈያ ከሌለሽ ከቀበሌ ማስረጃ አምጥተሽ በደሃ ደንብ እንዲታይልሽ ማመልከት ትችያለሽ።

ሌላ ደጅም አለ። በጅማ ዞን አብዛኛው ሰው ሙስሊም ነው፤ የቤተሰብ ጉዳይ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት መሄዱ የተለመደ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 መሠረት ይህ የሚሆነው በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ነው። ይህን በእርጋታ ልበለው፤ ሃይማኖቴንም ጎረቤቴንም አከብራለሁ። በሸሪዓ አስተምህሮ የአባትነት ዝምድና የሚቆመው በኒካህ፣ ማለትም በእስልምና ጋብቻ ላይ ነው። ያለ ኒካህ ለተፀነሰ ልጅ አባት የምትጠይቅ እናት የትኛው ፍርድ ቤት ጉዳዩን ቢያይ ለልጇ ምን እንደሚሆን ሳታውቅ ፈቃደኛ ነኝ ብላ መፈረም የለባትም። መጥሪያ ከደረሳት ደግሞ ዝም አትበል። ሄዳ ፈቃዷን ወይም እምቢታዋን በጽሑፍ ታስመዝግብ።

ወደ ልጅ ማሳደጉ እንምጣ። ብዙ ሴቶች አባትነቱን የማይጠይቁት በአንድ ፍርሃት ነው፤ «አባት ነው ከተባለ ልጁን ይወስድብኛል»። ፍርሃቱ ይገባኛል። የአባት ወገን ገንዘብ ካለው ይበልጥ ይገባኛል። ግን አባትነት ታወቀ ማለት ልጅ ተወሰደ ማለት አይደለም። አባትነቱ እስኪታወቅ ድረስ ልጁ በህግ ያለው በእናቱ እጅ ብቻ ነው። ከታወቀ በኋላ ወላጆቹ ከተስማሙ በስምምነታቸው፣ ካልተስማሙ ደግሞ ፍርድ ቤት የልጁን ጥቅም አይቶ ማን እንደሚያሳድገው ይወስናል። ገንዘብ አንድ ነገር ነው እንጂ ሁሉም ነገር አይደለም። የልጁ ዕድሜ፣ ጤናው፣ የለመደው ቤት ይታያል። የሚጠባ ሕፃን ከእናቱ ጡት ይለይ የሚል ዳኛ ቀላል ምክንያት አይበቃውም።

ለዚህ የምጠቅሰው አንድ ውሳኔ አለ። በ2000 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 አንድ ልጅ ያሳደገችው አክስቱ ዘንድ እንዲቆይ ወሰነ። ወላጅ አባት ልጄን ልውሰድ ብሎ ነበር፤ የሥር ፍርድ ቤቶችም በሕይወት ያለው ወላጅ እሱ ነው ብለው ፈቅደውለት ነበር። ሰበር ግን የአባትነት መብት ከልጁ ጥቅም አይበልጥም አለ። የተመሠረተውም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 እና በዓለም አቀፉ የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን ላይ ነው። የሰበር የሕግ ትርጉም የሥር ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድዳል። ለአክስት የተፈረደ ነገር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ልጇን ላሳደገች እናት የማይጠቅምበት ምክንያት አይታየኝም።

ከተስማማችሁ ስምምነቱን በዝርዝር ጻፉት። «ልጁን ያያል» ብቻ ብላችሁ አትተዉት። በየትኛው ቀን? የት ቤት? ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት? ለሚጠባ ሕፃን ሳምንት ውስጥ ሁለት አጭር ጉብኝት በእናት ቤት ይበቃል፤ አድጎ ሲሄድ ይስተካከላል። ኢድ ከማን ጋር፣ ገና ከማን ጋር፣ ክትባትና ሕክምና በማን ወጪ፣ ሲታመም ማን ይደውላል፤ እነዚህን አንድ በአንድ አስቀምጡ። ከዚያ ፍርድ ቤት አቅርባችሁ አስጸድቁት። ያልጸደቀ ወረቀት ጠብ ሲነሳ ብዙም አይረዳም።

ቀለብም እንዲሁ ነው። ህጉ ይህን ያህል ብር ብሎ አልቆረጠም። የልጁን ፍላጎትና የሰጪውን አቅም ያያል። ስለዚህ አባትየው ምን እንደሚሠራ፣ ደመወዙ ስንት እንደሆነ፣ ባጃጅ ወይም የቡና ማሳ ወይም ሱቅ ካለው ማስረዳት አለብሽ። ደመወዝተኛ ከሆነ ከመሥሪያ ቤቱ እየተቆረጠ እንዲላክ ጠይቂ። ኑሮ ሲወደድ መጠኑ እንዲሻሻል መጠየቅም ይቻላል። የዱቄት ወተቱ ዋጋ ከወር ወር ሲለወጥ ከሁለት ዓመት በፊት የተወሰነ ቀለብ ምን ይገዛል?

አንድ የማይወደድ ነገር ልናገር። ቀለብ ስላልከፈለ ልጁን አላሳየውም ማለት ትክክል አይደለም። ልጁን አላሳየችኝምና አልከፍልም ማለትም አይሠራም። ሁለቱም የልጁ መብቶች ናቸው፤ አንዱ በሌላው አይለወጥም። ለማይከፍል የራሱ መንገድ አለ፤ አፈጻጸም ችሎት ይኬዳል። የ1996ቱ የወንጀል ህግ አንቀጽ 658ም ያለ በቂ ምክንያት ለአካለ መጠን ላልደረሰ ልጁ ቀለብ የሚከለክልን ሰው ያስቀጣል። ችግሩ ቀን ሠራተኛው ነው። ዛሬ አጋሮ፣ ነገ ቦንጋ ያለ ሰው ደመወዝ አይቆረጥበትም። እዚህ ላይ ህጉ አጭር ነው የቀረው። ፍርዱን ይዛ የምትዞር እናት ብዙ ናት።

«እሱ የማይከፍል ከሆነ ታዲያ ምን ይጠቅማል?» ላለችኝ ሴት የመለስኩላት ይህን ነው። ቀለቡ ዛሬ ባይገኝ አባትነቱ አይጠፋም። ልጁ ሲያድግ ውርስ ይጠይቃል። ወንድምና እህቶቹን ያውቃል። በደም የሚወረስ ሕመም ቢመጣ የማንን ታሪክ እንደሚናገር ያውቃል። አባትየው ሚስትና ሌሎች ልጆች ቢኖሩትም ይህ አይለወጥም። አባትየው ከሞተ በኋላ ግን ሁሉም ይከብዳል። ያኔ የምትከራከሪው ከሱ ጋር ሳይሆን በለቅሶ ላይ ካለ ቤተሰቡ ጋር ነው፤ ማሳውን ከያዙት ጋር።

ስትወልጂ በ90 ቀን ውስጥ ልደቱን አስመዝግቢ። በ2004 በወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ (ቁጥር 760) ልጅነትን መቀበልም፣ አባትነት በፍርድ መታወቁም ራሱን ችሎ ይመዘገባል። አባት ካልቀረበ ወይም የተረጋገጠ ሰነድ ከሌለ መዝጋቢው በአንቺ ቃል ብቻ የአባቱን ስም ላይጽፍ ይችላል። ስለዚህ ብለሽ ምዝገባውን አታዘግዪ። በስምሽ አስመዝግቢው፤ ፍርዱ ሲመጣ ይዘሽ ሂጂና ይጨመራል።

የስፌቷ ልጅ በኅዳር ወለደች፤ ሴት ናት። ሽማግሌ ተልኮ ነበር፤ ትዳሩ አልሆነም። ልደቷን በወሩ አስመዘገበቻት። «የአባት ስም» የሚለው ቦታ ለጊዜው የእናትየዋ አባት ስም አለበት። «ለልጄ» የሚለው የባንክ ወረቀትና የክትትል ካርዱ በአንድ ፕላስቲክ ውስጥ ናቸው፤ ከስፌት መኪናው ሥር፣ ክር በሚቀመጥበት መሳቢያ። ቀጠሮዋ በሚቀጥለው ወር ነው።